በእንዶድ የታጠበው ጀሪካን

አብራሪው ኤልሳዕ ከሻንቶ በታች፣ በቆሎ ማሳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የግሉ የሆነችው ትንሽ አውሮፕላን ከሶዶ ማረፊያ ሜዳ ተነስታ ብዙ ሳትርቅ ሞተሯ ጠፋ፤ ማሳው ላይ ሊያሳርፋት ሲል ክንፏ ከዛፍ ተላተመ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ማለፉ ነው፤ የበዓሉ ሥጋ እንኳ አላለቀም።

ኢንስፔክተር ማክዳ ከአውሮፕላኗ ነዳጅ ማጣሪያ ያገኘችውን ውሃ በጠርሙስ ይዛ ወደ ሜዳው መጣች። ነዳጁ የሚቀመጥበት መጋዘን የሚገቡት ሦስት ናቸው፤ ዘበኛው ሶርሳ፣ መካኒኩ ጌታሁን፣ የጽዳቷ አሮጊት ፋንታዬ።

«የነዳጁን በርሜል ሳትከድን ዝናብ ገብቶበት ይሆን?» አለችው ሶርሳን።

«ኧረ እኔ እቴ! ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው የሚያድረው።»

«ሱሪውን መቆለፍ ይረሳል እንጂ በርሜሉንስ አይረሳም» አለች ፋንታዬ።

ጌታሁን እጁ በካቴና ታስሮ መሬት መሬቱን ያያል። «ነዳጁን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አትጠይቁ።»

«ዝርክርክ!» አለችው ፋንታዬ። «በበዓል ሳምንት የሰው ልጅ ትፈጃለህ? እኔ በቤቴ ለጊፋታ ያልታጠበ ማንኪያ አላሳድርም።»

ማክዳ ቀና ብላ አየቻት። መጋዘኑን ዞራ አይታ ስትመለስ ሦስቱንም ሰበሰበች።

«ከበርሜሉ ቀድቼ አየሁ፤ ጠብታ ውሃ የለበትም። ስለዚህ ውሃው የገባው ነዳጁ ከበርሜሉ ወደ አውሮፕላኗ ሲጋዝ ነው።» ጠርሙሱን ናጠችው፤ ነጭ አረፋ ደፈቀ። «የዝናብ ውሃ እንዲህ አያደርግም። እንዶድ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ዕቃው ሁሉ አቧራ ለብሷል፤ ነዳጁ የሚጋዝበት ጀሪካን ብቻ ያብረቀርቃል። እማማ፣ ለበዓሉ ያጠቡት እርስዎ ነዎት?»

ጀሪካኑን አጥባ፣ አለቅልቃ፣ ‹እንካ፣ ሰው የሚነካው ዕቃ አደረግኩልህ› ብላ በኩራት ለጌታሁን የሰጠችው ፋንታዬ ራሷ ነበረች።

«እርጥብ መሆኑን አይተህ ነበር?» አለችው ማክዳ ጌታሁንን።

«አይቻለሁ» አለ ጌታሁን። «ለበዓል ብለው አጥበውልኝ፣ አልደረቀም ልበላቸው? አፈርኩ። ዛሬም ስማቸውን ማንሳት አፈርኩ።»

ፋንታዬ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

«ብትነግረኝ» አለች ቀስ ብላ፣ «እሰድብህ ነበር።»

ፖሊሶቹ ጌታሁንን መኪናው ላይ አወጡት። ፋንታዬ ማንም ሳያዛት ተከትላው ወጣች። የወንበሩን አቧራ ሳታራግፍ አጠገቡ ተቀመጠች።