ከድልድዩ ሥር የተቀመጡት

ድልድዩ ወደቀ። ሥሩ ጉሊት ዘርግተው የተቀመጡ ሰዎች ሞቱ። የገደላቸው ሰው ቀብራቸው ላይ መጥቶ አለቀሰ።

ጠጋ በሉ፤ በሩንም ዝጉት።

ድሮ ነው። የከተማዋን ስም አልናገርም። መሐሏን የባቡር ሐዲድ ያቋርጣታል፤ መኪና ከሐዲዱ በላይ ይሻገር ተብሎ ድልድይ ተጀመረ። ሥራውን ዘውገ የሚባል ኮንትራክተር ወሰደው። እኔ እዚያ አሸዋ እሸከም ነበር። ጎረምሳ ነኝ፤ ዘመድ የለኝም፤ የምተኛው በባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። የቀን ሠራተኞቹን የሚያዘን ካቦ ተክሌ ነበር። ምሳውን ያካፍለኛል። ስለዚያ ዘመን ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

ሲሚንቶው ቀን ይገባል፤ ማታ ይወጣል። የት ይሄዳል? ዘውገ ይሸጠዋል። ለእኛ "አሸዋ አብዙበት" ይለናል።

አንድ ቀን ተክሌ አላስችል አለው።

"ጋሼ ዘውገ፣ ይሄ እኮ ገንፎ አይደለም፤ ሰው ይሄድበታል።"

"አንተ አቡካ! ተቆጣጣሪው ፈርሟል።"

ተቆጣጣሪው ምን በልቶ እንደፈረመ እናንተው ገምቱ።

ድልድዩ ተመረቀ። ክረምቱ ሳይወጣ ወደቀ። ማን ታሰረ? ዘውገ ነው? አይደለም። ተክሌ ታሰረ። "ያቦካው እሱ ነው" ተባለ።

ዘውገ ያን ሰሞን ብቻውን መሄድ ይፈራ ነበር። ፋኖስ ያዥ ፈለገና እኔን ቀጠረ። ለተክሌ እስር ቤት ስንቅ የማደርስበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ እሺ አልኩ።

አንድ ምሽት ከተቆጣጣሪው ቤት ስንመለስ ለዓይን ያዝ አድርጓል። በማግስቱ ዘውገ ፍርድ ቤት ቀርቦ በተክሌ ላይ ሊመሰክር ነው። መኪናው ያለው ከሐዲዱ ማዶ ነው። በምን ይሻገር? ድልድዩ የለም። በእግራችን ወደ ፍርስራሹ ወረድን። መንገደኛ የለም። ውሻ እንኳ የለም።

መጀመሪያ ሽታ መጣ። የረጠበ ሲሚንቶ ሽታ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ፣ ሲሚንቶ ማን ያቦካል?

ቀጥሎ ሹክሹክታ ሰማን።

ቀጥሎ ነጠላ ታየን። አንድ ነጠላ፤ ከጎኑ ሌላ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ። ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል።

"እንደምን አመሻችሁ? ምንድን ነው ስብሰባው?" አለ ዘውገ።

"አውጫጭኝ ነው፣ ጌታው" አሉ አንድ ሽማግሌ። "ነፍሰ ገዳይ ተደብቆብን ነው። ይቀመጡ።"

አውጫጭኝ ታውቃላችሁ? ጥፋተኛ ሲሰወር አገሩ ወጥቶ ይቀመጣል። ሁሉም በየተራው ምሎ ያየውን ይናገራል። ስም ሳይወጣ አንድም ሰው አይነሣም። አንዴ ከተቀመጡ ተቀመጡ ነው።

ዘውገ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ሣቀ። "ጥሩ ጊዜ ደረስን። ነገ የምናገረውን ዛሬ አገር ይስማው" አለኝና ተቀመጠ። እኔ ቆምኩ። እናንተ ብትሆኑ ትቀመጡ ነበር?

ፋኖሱን ከፍ አደረግሁት። ከፊቴ ያለችውን ሴት አየሁ። እትዬ ማንጠግቦሽ ናት፤ ሽንኩርት ቸርቻሪዋ። ድልድዩ የተጫናት። የሬሳ ሣጥኗን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። አፈሯን ያለበስኳት እኔ ነኝ።

"ዝም በል፣ ልጄ" አለችኝ።

ፋኖሱን ዝቅ አደረግሁት።

"ይማሉ" አሉ ሽማግሌው።

ዘውገ ቀኝ እጁን አነሣ። "ብዋሽ አፌን አፈር ይሙላው።"

"እነዚህን ሰዎች የገደለ ማን ነው?"

"ካቦ ተክሌ ነው።"



"ተክሌ አሁን የት አለ?" አሉት ሽማግሌው።

"እስር ቤት ነዋ!"

"የለም" አለች እትዬ ማንጠግቦሽ። "ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ እኛ መጥቷል። ተክሌ፣ እስቲ ተነሥ።"

ከዘውገ ጀርባ ሰው ተነሣ።

ተክሌ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። እጁን በቀስታ የዘውገ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

"ጋሼ ዘውገ፣ እንደምን አመሹ?"

ዘውገ ሊነሣ ታገለ። አልተነሣም። እንደገና ታገለ። አልተነሣም።

"ልጅ! ያዘኝ! አንተ ልጅ፣ አውጣኝ!"

"የገደለን ዘውገ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ስም ወጣ።"

"ስም ወጣ!" አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ፤ ፋኖሴ እልም አለ። ከጨለማው ውስጥ ጩኸት ሰማሁ። ጩኸቱ መሐል ላይ ታፈነ።

ሮጥኩ።

ሲነጋ ስንቄን ይዤ እስር ቤት ሄድኩ። በረኛው አገልግሉን መለሰልኝ። "ያንተ ሰው ትናንት ከሰዓት በኋላ አርፏል። ትኩሳት ነው ይላሉ" አለኝ።

ዘውገ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ቢቀር ከሚፈልጉት ፖሊሶች ጋር ወደ ፍርስራሹ ወረድን። ዘውገ እንደተቀመጠ ነው። ቀኝ እጁ ወደ ላይ ደርቋል። አፉ እስከ ጉሮሮው አሸዋ ተጠቅጥቆበታል። ያን ሁሉ አሸዋ ማን አጎረሰው? እኔ አልነገርኳቸውም።

ሰው አብሮኝ አለ ብላችሁ አትኩሩ። ዘውገም ሰው አብሮት ነበር።

ተክሌን ከእስር ቤት አውጥተን ቀበርነው። አገሩ በሙሉ ወጣ። ለዘውገ ግን እድሩ ጥሩምባ አልነፋም። ቃሬዛ የያዘ አልመጣም፤ ጉድጓድ የቆፈረ የለም። ሰዉ አየውና ወደየቤቱ ሄደ፤ ፖሊሶቹም ተሸካሚ አጥተው ተመለሱ።

ዘውገ እዚያው ቀረ።