ከእምብርት የሚጀምር ሰፌድ

«እና ሞከርሽው?» አላት ባርኮት፣ ሐረር ሸዋ በር ላይ በነጋዴዎችና በባጃጆች መሀል እየተጋፉ ሲያልፉ።

«ሞከርኩት። አይሠራም» አለች ሸምሲያ።

«ባክሽ አትፎግሪኝ! እስቲ ወላሂ በይ።»

ሸምሲያ ያልሰማች መስላ እርምጃዋን አፈጠነች። መዋሸቱስ ይሁን፣ በውሸት መማል ግን አልሆነላትም። ባርኮት የሰጣትን ነገር ገና ከፍታ እንኳን አላየችውም።

ክረምቱን ሙሉ አንዲት ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ ስትሠራ ነው የከረመችው። «ቀይ ሦስት፣ ጥቁር ሁለት» ተብሎ ሲጻፍላት የሐረርን ሰፌድ ስክሪን ላይ የምትሥል ቋንቋ። ጽሑፉን የሚያነበውን፣ ስህተት የሚፈልገውንና ሥዕሉን የሚሥለውን ፕሮግራም ለየብቻ ጻፈቻቸው፤ አንዱን ስትነካ ሌላው ይበላሻል። ባርኮት ደግሞ ሦስቱንም በአንድ ላይ የያዘ፣ የራስን ቋንቋ መሥሪያ አገኘሁ ብሎ በፍላሽ አመጣላት። የትምህርት ቤታቸው የኮምፒውተር ክበብ ከሁለቱ በየትኛው ወደ ውድድር እንደሚሄድ ቲቸር የሚወስኑት ነገ ነው። የባርኮት ከተመረጠ የክረምቱ ልፋቷ ገደል ገባ።

ጀጎል ቤቷ ስትደርስ አክስቷ ፈቲያ ወስፌያቸውን ይዘው ሰፌድ ይሰፋሉ።

«ያ ሰፌድሽ ዛሬም ከጠርዙ ነው የሚጀምረው?» ብለው ሳቁባት።

ሸምሲያ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰፌድ ልብ ብላ የምታየው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው። ስለዚህ ከዳር ወደ መሀል እንዲሣል አድርጋ ጻፈችው፤ የሚሰፋው ግን ከእምብርቱ ነው። ለማስተካከል ብትሞክር፣ ብትሞክር፣ ሦስቱ ፕሮግራሞቿ አልስማማ አሏት።

ውሸቷን ግማሽ እውነት ለማድረግ ያህል ላፕቶፑን ከፍታ ፍላሹን ሰካች። መመሪያውን እያየች የቋንቋዋን ሕጎች አንድ በአንድ አስገባች። መጨረሻ ላይ፣ ሰፌድ ከእምብርት ይጀምራል የሚለውን ጨመረች።

ስትጽፍበት ቃላቱ በአንድ ጊዜ ቀለም ለበሱ። ሆን ብላ ከጠርዝ ስትጀምር፣ ገና ጽፋ ሳትጨርስ ቀይ መስመር ተሰመረበትና «መጀመሪያ እምብርቱ» አላት። የራሷን ሕግ ነው መልሶ የሚነግራት! ስታስተካክለው ሥዕሉ ከመሀል ተነሥቶ ዙር በዙር፣ ቀይ ጥቁር እያለ አደገ። አንድ ቦታ የጻፈችውን አንባቢውም፣ ስህተት ፈላጊውም፣ ሠዓሊውም አወቁት። ሸምሲያ አፏን ከፍታ ቀረች። መሣሪያ የሚሠራ መሣሪያ እንዲህ ነው ለካ! መገረሟ እልኋን ሁሉ አስረሳት፤ የክረምቱ ልፋቷ ግን ትንሽ አሳዘናት።

«ማሻአላህ!» አሉ ፈቲያ፣ መስፋታቸውን አቁመው። «እጅ እንኳን የለውም እኮ! እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ባርኮት ጋ ደወለች።

«ቅድም ዋሽቼሃለሁ። ከፍቼውም አላውቅ ነበር።»

«እና አሁንስ?»

ሸምሲያ ስክሪኑን አየች። ሰፌዱ የመጨረሻ ዙሩን እየዘጋ ነበር።

«ወላሂ ይሠራል» አለችው። «ቶሎ ና፤ ከቲቸር በፊት አንተ እየው።»