በግራጫው መስታወት ላይ የቀረች ደቂቃ

አባትህ ሲወድቁ ድምፁን ብትሰማ፣ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ምንህ ነው? እግርህ ወይስ ጣትህ?

ጡረተኛው መምህር ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከደረጃው ሥር ሞተው ተገኙ። የወደቁት ግን ቀን ላይ፣ ከሰዓታት በፊት ነው። ሐኪሙ «በጊዜው የደረሰላቸው ቢኖር ይተርፉ ነበር» አለ። ያገኘቻቸው ከሥራ የተመለሰችው ነርስ ልጃቸው ናት። ለቅሶ ቤት ፈራጅ ሞልቷል፣ የሚያጣራ ግን የለም፤ ሁሉም «ብቻቸውን ጥላቸው ሄዳ» ይላታል። እሷም ማመን ጀምራለች።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት ኢንስፔክተር ሰኞ ጠዋት ፎቅ ላይ ወዳለው ሳሎን ስትገባ፣ ግድግዳውን የሞላው አሮጌ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ፊት ቆመች።

«የአባባ ነው» አለች ነርሷ። «ዓይናቸው ሲደክም ስፋቱ ይበጀኛል ብለው ገዙት። አራት ሰው ተሸክሞ ነው ያስገባው። ሲበራ ቤቱን እንደ ምድጃ ያሞቃል። በቀጭን እንቀይርልዎ ስንላቸው ‹መጀመሪያ እኔን ቀይሩኝ› ይሉን ነበር።»

«ሪሞቱን ራሳቸው ይነኩ ነበር?»

«ቁልፎቹ አይታዩዋቸውም። እኛ ነን የምንነካላቸው።»

«ቅዳሜ ስትመጪ በርቶ ነበር?»

«በርቶ ነበር፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። ምስሉን ልብ አላልኩም። ኋላ ለቀስተኛው ሲመጣ ማን ከሶኬት እንደነቀለው አላየሁም።»

መርፌ ዲኮደሩን ነቅላ ቴሌቪዥኑን ብቻ አበራችው። ባዶው ግራጫ መስታወት ላይ ጥላ የመሰለ ነገር ቀርቷል። ያየችውን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

ታች ቤት የተከራየው ልብስ ሰፊ ቅዳሜ ሱቁ ነበር። «በሬዲዮ ኳስ እየሰማሁ። ሦስት ለአንድ ስንሸነፍ በንዴት የሙሽራ ሱሪ አንዱን እግር አሳጥሬ ቆረጥኩት» አላት።

የሟቹ የበኩር ልጅ፣ ሾፌሩ፣ አንገቱን ደፍቶ መለሰላት። «ጓደኛዬ ቤት ነበርኩ። የቅዳሜውን ጨዋታ ከፊሽካ እስከ ፊሽካ አየሁ።»

«ስንት ለስንት ወጣ?»

«አንድ... ለአንድ።»

ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ በለቅሶ ደራሽ ሞልቶ ሳለ መርፌ ቴሌቪዥኑን እንደገና አበራችው። «አሮጌ ፕላዝማ የቆመ ምስል ለሰዓታት ሲታይበት ጠባሳው ይቀርበታል። ያንብቡልን።»

ልብስ ሰፊው ቀረበ። «አንድ ለአንድ። ስልሳ ሰባተኛ ደቂቃ።»

«ጨዋታው ቀጥሎ ቢሆን ደቂቃው ይቀያየር ነበር፤ ጠባሳውም አይነበብም። አንድ ሰው ተመልሶ ካቆመበት ሊቀጥል በዲኮደሩ ሪሞት ምስሉን አቁሞ ሄዷል፤ አልተመለሰም። ሟቹ ሪሞት አይነኩም። ነርሷ ተረኛ እንደነበረች ሆስፒታሉ አረጋግጧል። ልብስ ሰፊው መጨረሻውን ሰምቷል። አንድ ለአንድ ላይ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለቅሶ ቤት ደግሞ ስለ ኳስ የሚያወራው አላገኘም።»

ሾፌሩ ፊቱን ሸፈነ። «ታች መጸዳጃ ቤት ውሰደኝ አሉኝ። ትንሽ ይቆዩ አልኳቸው። ብቻቸውን ተነሡ... ስደርስ የሞቱ መሰለኝ፤ ፈርቼ ወጣሁ።»

«ጋሼ» አለች ነርሷ በቀስታ፣ «ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈርዱብኝ አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር።»

መርፌ እስካሁን ሾፌሩን «እርስዎ» ትለው ነበር። አሁን አልቻለችም።

«ፍርሃትህን ፍርድ ቤት ይመዝነው። ደረጃው እዚህ በሩ ላይ ነው፤ ሲወድቁ ሰምተሃል። ከመሮጥህ በፊት ግን ጨዋታው እንዳያመልጥህ ሪሞቱን ተጫንክ። እህትህን የኮነኑት ሁሉ እዚህ አሉ። ለእኔ ሳይሆን ለእነሱ፣ ጮክ ብለህ መልስ፤ ለምን?»