ልቤን ባለች ጊዜ

በ፲፱፻፳፫ ዓመተ ምሕረት፥ በክረምት መግቢያ፥ ሠዓሊው ስድስተኛውንና የመጨረሻውን ሸራ በቤቱ ወጥሮ ነበር። የአስታማሚዎች ትምህርት ቤት በዚያው ቅዳሜ በጤና ሹሙ እጅ ሊመረቅ ቀን ተቆርጧል፤ የሐኪም ቤቱ ሊቀ ሐኪምም የሰው ገላ ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ፊደል ላልቆጠረው ሁሉ በሥዕል እንዲታይ አዘዋል።

ሠዓሊው እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው የሱቅ ሰሌዳና የሹማምንት ፊት ብቻ ነበር። ሊቀ ሐኪሙ በየማለዳው ሐኪም ቤት አስቀርበው አስተማሩት፤ ሳንባ ነፋሱን ስቦ ለደም ያቀብላል፤ ልብ ያንን ደም እስከ እግር ጥፍር ይረጫል፤ ጨጓራ እህሉን ፈጭቶ ለአንጀት ያስረክባል፤ ኩላሊት ቆሻሻውን አጣርቶ ይሸኛል፤ አንጎልም በነርቭ ክሮች ለሁሉም ትእዛዝ ይልካል። ሰውዬው ልቡ አበጠ። ምሳ በቀረበ ቁጥር ይህንኑ ለሚስቱ ይደግምላታል፤ እሷም «እስቲ ጉርሻዬ የት ደረሰች?» እያለች ትስቅበታለች።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ልብስ ስታጥብ ቆይታ እጇን ሳታደርቅ ገባች፤ ፊቷ አመድ መስሎ ላብ አጥምቋታል።

«ልቤን» አለችው፥ መዳፏን ከእንብርቷ ከፍ አድርጋ። «ልቤን ያዘኝ።»

ብሩሹን ሳያስቀምጥ ፈገግ አለ። «እሱማ ጨጓራሽ ነው፤ ልብ ያለው ከፍ ብሎ ደረት ውስጥ ነው። ስስለው ከርሜ!»

«ደግሞ የገዛ ልቤን ልታሳየኝ ነው? አንተ ሰውዬ፥ አሞኛል እኮ ነው የምልህ!»

«ባዶ ሆድሽን ስትለፊ ነው። ትኩስ ነገር ጠጪና ጋደም በይ፤ ይህችን ልጨርስና መጣሁ።»

ሐኪም ቤቱ ከደጃፋቸው ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም ነበር። እሱ ግን አንዱን የደም ሥር እስከ ጣት ጫፍ አድርሶ ወደ ጓዳ ሲገባ፥ ብርጭቆው እንደ ሞላ ነው፤ እሷ ትንፋሽ የላትም።

ሊቀ ሐኪሙ በሩጫ መጡ፤ ክንዷን ይዘው ቆዩና መልሰው አስቀመጡት።

«ምን ብላ ነበር?»

«ልቤን አለችኝ፥ ጌታዬ። እኔ ጨጓራሽ ነው ብዬ አረምኋት።»

ሽማግሌው መዋሸት ይችሉ ነበር፤ አልዋሹም። «ልብ ሲታመም ሕመሙ አንዳንዴ ወደዚያ ይወርዳል። ይህን ሳላስተምርህ የቀረሁት እኔ ነኝ፥ ልጄ።»

«እውነቷን ነበራ?»

«እውነቷን ነበር።»

ያን ጊዜ ሠዓሊው ከወለሉ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ የሚያባብለውም አልተገኘም።

ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ተመረቀ፤ ጸሐፊውም የእንግዶቹን ስም ከነማዕረጋቸው መዘገበ። ሊቀ ሐኪሙ ለአስታማሚዎቹ የሰጡት የመጀመሪያ ትእዛዝም በመዝገቡ ይገኛል፤ በሽተኛ ያመመውን በጠራበት ስም፥ ሳታርሙ ጻፉ፤ ልቤን ያለውንም ደረቱን ሳታዳምጡ አትስደዱ ይላል። በዚህች ትእዛዝ ብዙ ነፍስ እንደ ተረፈ የኋላ ሐኪሞች በኩራት ተናግረዋል። ከማን ሞት እንደ መጣች የጻፈ የለም፤ ባልየውም ከተረፉት ሁሉ ይልቅ አንዲቷን ነበር የሚፈልገው።