ጎልሙ የሟሟበት ሐይቅ

በዘውራን መንግሥት፣ ንግሥት ሰልሚራ ዘውድ በደፋችበት ማለዳ፣ ታላቁ ወንዝ አርዳኖ እየፈሰሰ ሳለ ቀጥ አለ። ማዕበሉ እንደተነሣ፣ አረፋው እንደነጣ በረዶ ሆነ። ጠንቋዩ ሐመዳይ የምድሪቱን ሙቀት የሚጠብቀውን የዋዕይ ዕንቁ ሰርቆ በአቡር ተራራ ሐይቅ ውስጥ እንደጣለው ካህናቱ ተናገሩ።

ዕንቁውን ለማምጣት የተነሣችው ወጣቷ ዋናተኛ ናዝራ ነበረች። በንግሥቲቱ ፊት «ዕንቁውን ሳልይዝ የወንዜን ዳር ብረግጥ ምድር አትሸከመኝ» ብላ ማለች። አብሯት የወጣው አሳዳጊዋ ጎልሙ ነው፤ ከጨው ሕዝብ ወገን የሆነ፣ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ነጭ ጨው የሆነ፣ ትከሻ ሰፊ ሽማግሌ። ወንዝ ዳር ተጥላ አግኝቷት በጀርባው አዝሎ አሳድጓታል። እርሷም ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ደመና በጠቆረ ቁጥር የቆዳ ጀንዲዋን ከራሱ በላይ ትዘረጋለታለች፤ ጠብታ ላታስነካው ምላለት ነበርና።

በመንገድ ሁሉ ሲያስቃት ሄደ። ጅረት ልታሻግረው አዝላው ክብደቱን ብታማርር፣ እርሱ የሕፃንነት ልቅሶዋን ጭምር ተሸክሞ እንዳላማረረ አስታወሳት። ሾርባዋ አልጣፍጥ ቢላት ጣቱን ሊያጠልቅላት ሲል እጁን መታ አደረገችው።

ሐይቁ ዘንድ ሲደርሱ ሳቁ ቀረ። በረዶው እንደ መስተዋት ተዘርግቷል፤ ከሥሩ ዓሦች ይዋኛሉ፤ በጥልቁ ዕንቁው እንደ ፍም ይበራል። ናዝራ በመጥረቢያ ብትፈለፍለው ቀዳዳው ወዲያው መልሶ ገጠመ። እሳት ብታነድበት የቀለጠው ውኃ እሳቱን አጥፍቶ ዳግመኛ ጠነከረ።

ጎልሙ ዓሦቹን ሲመለከት ቆየ። «ውኃ ደግ ነው ልጄ። ሲበርደው እንኳ ከላይ ይጠነክርና ከሥሩ ላሉት ብርድ ልብስ ይሆናል። ይህን ብርድ ልብስ የሚገልጠው ጨው ነው፤ ጨው የገባበት ውኃ ለብርድ ቶሎ አይታዘዝም።»

ነገሩ ገባት። ጀንዲውን ጭምድድ አድርጋ ያዘች። «አይሆንም አባባ። መሐላ አለብኝ።»

«ሁለት መሐላ ነው ያለብሽ። አንደኛው የሕዝብ ነው፤ ሁለተኛው የእኔ፣ እርሱን ፈትቼልሻለሁ። ‹ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል› ሲባል አልሰማሽም? ድንጋይ ሆኜ ልቅር እንዴ?» ፈገግ አለ። «ደግሞ ውኃ ጨውን ያሟሟዋል እንጂ አያጠፋውም። አደራ፣ ጀንዲውን እንዳትጥዪው።»

ግንባሯን ስሞ፣ አልጋው ላይ ጋደም እንደሚል ሰው በረዶው ላይ ተጋደመ። በረዶው ከሥሩ አላበው፣ ሳሳ፣ ተሰነጠቀ። ጎልሙ ሰጠመ፤ ቀዳዳውም ክፍቱን ቀረ። ናዝራ እያለቀሰች ተወርውራ ገባችና ዕንቁውን ታቅፋ ወጣች። ከንፈሯ ላይ የቀረው ውኃ ጨው ጨው ይል ነበር።

አርዳኖ ፈሰሰ፤ አገር እልል አለ። ናዝራ ግን ንግሥቲቱ የሸለመቻትን ካባ አጣጥፋ አስቀመጠችና ወደ ተራራው ተመለሰች። ጀንዲውን በጎድጓዳ ዓለት ላይ አንጥፋ የሐይቁን ውኃ ቀዳችበት። ፀሐይ ውኃውን ጠጥታ ጥቂት ነጭ ቅንጣት ተወችላት። ደግማ ቀዳች። በጋ በበጋ ላይ ተደረበ፤ ፀጉሯ እንደ ቅንጣቶቹ ነጣ።

አንድ ረፋድ፣ ከጀንዲው ላይ ክንድ የማይሞላ ነጭ ሕፃን ተንጠራርቶ ተነሣ።

«ናዝራ፣ ያ ሾርባሽ እስካሁን አልጫ ነው?» አላት።

እንባዋ እንዳይነካው ፊቷን አዞረች። ከዚያም ጀንዲውን አንቀልባ አድርጋ አዘለችው።