ሳልጠየቅ የተቀረጸው ጉበን

ማግባቴን የሰማሁት ሱቅ ውስጥ ነው። ዳቦ ልገዛ ገብቼ፣ ወይዘሮ ፕራት ከባንኮኒው ጀርባ እጄን ጨብጣ አልለቅ አለችኝ።

«እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ። ደንከን ድንጋዩን ቀርጾ ጨረሰ አሉ።»

«የምን ድንጋይ?»

ፊቷ ተለዋወጠ። እኔም ወዲያው ገባኝ። በኛ በዮርክሻየር ሸለቆ ባልና ሚስት ቤት ሲሠሩ፣ ከበሩ በላይ ያለው ጉበን ላይ የሁለቱን ስም መጀመሪያ ፊደል ጎን ለጎን፣ ከላይ ደግሞ የቤተሰቡን ስም ፊደል ማስቀረጽ የድሮ ልማድ ነው። ዳቦውን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ። ደሜ ፈልቶ ነበር።

ደንከን ሀርከር ድንጋይ ጠራቢ ነው። ከአክስቴ የወረስኩትን የድንጋይ ቤት ሊያድስልኝ የመጣው በመጋቢት ሲሆን፣ ገና በመጀመሪያው ቀን በነገር ተነካክተናል። ግድግዳውን በመዶሻው እያንኳኳ፣ የተለሰነበት ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖት ቤቱ መተንፈስ አቅቶታል ሲለኝ፣ «ቤቱን ተወውና እኔ በብርድ ልሞትልህ ነው» አልኩት። ሳቀ። ሲሚንቶው እየተፈለፈለ በኖራ ሲተካ፣ እሱም ሻዩን ከኔ ጋር መጠጣት ለመደ። አልዋሽም፣ ወደድኩት። በውርጭ የተሰነጠቀውን ጉበን ቀይርልኝ ያልኩትም እኔ ነኝ። ልሙጥ ድንጋይ ነበር ያዘዝኩት! ስለ ፍቅር ግን አንድም ቀን አፍ አውጥቶ ያለኝ ነገር የለም።

ከዚህ በፊት ክላይቭ ከሚባል ሰው ጋር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። የምንኖርበትን ከተማ እሱ መረጠ። ውሻዬን ለሰው ሰጠብኝ። የመኝታ ቤታችንን ቀለም እንኳ ያየሁት ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ነው። ስፈታው፣ ከእንግዲህ እኔን ሳይጠይቅ ስለኔ ማንም አይወስንም ብዬ ማልኩ። አሁን ደግሞ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ በሬ ላይ!

ግቢ ስደርስ ጉበኑ ሁለት እንጨት ላይ ተጋድሟል። የኔ ፊደል አለ። የሱም አጠገቡ። እንዲያ ማማሩ ይበልጥ አናደደኝ።

«ይሄ ምንድነው ደንከን?»

እስከ ጆሮው ቀላ። «ላሳይሽ ነበር...»

«መቼ? ባለሱቋ እንኳ ከሰማች በኋላ? መንደሩ በሙሉ ድሮኛል፣ እኔ ብቻ ነኝ ያልተጠራሁት።»

«ሮዊና፣ እኔ ንግግር አልችልበትም። በእጄ ይሻላል ብዬ ነው።»

«እጅህ በኔ ሕይወት ምን አገባው? እኔ ድንጋይ ነኝ ዝም ብዬ የምቀረጽልህ?»

ትልቁን መዶሻ አነሳ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ልክ ነሽ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ድንጋዩ ያንቺ ነው። ልስበረው?»

ስበረው ልል ጉበኑን አየሁት። ልብ ያልኩት ያኔ ነው። ሁለቱ ፊደሎች ከታች አሉ፣ ከላይ የቤተሰብ ስም የሚገባበት ቦታ ግን ባዶ ነው።

«ይሄንንስ ለምን ተውከው?»

«እሱንማ አንቺን ሳልጠይቅ እንዴት እጽፈዋለሁ?»

ሰማችሁልኝ? ትንሿን ሊጠይቀኝ አስቦ፣ ትልቋን ዘለላት! ንዴቴና ሳቄ ተደባልቀው እንባዬ መጣ።

«መዶሻውን አስቀምጥ» አልኩት። «አሁን እንደ ሰው በአፍህ ጠይቀኝ።»

ቆቡን አወለቀ። ጀምሮ አቃተው። እንደገና ጀመረ።

«ታገቢኛለሽ?»

ቶሎ አልመለስኩለትም። ይጠብቅ። መጠየቅ እንዲህ እንደሚጣፍጥ ረስቼው ነበር። ከዚያ ባዶውን ቦታ በጣቴ ነካሁት።

«አገባሃለሁ። እዚህ ላይ ግን የሚገባው የኔ ነው፣ የኮትስ ቤተሰብ ስም። ካልፈለግክ ስበረው።»

በዚህ ሸለቆ የሴት ቤተሰብ ስም ከላይ ተቀርጾ አያውቅም። መንደሩ ምን እንደሚል ሁለታችንም እናውቃለን። ደንከን ግን መሮውን አንስቶ፣ ፊደሉ ምን ያህል እንዲተልቅ እንደምፈልግ ጠየቀኝ። እጆቼን ዘርግቼ አሳየሁት።

በጥቅምት ተጋባን። መጠጥ ቤት ውስጥ አሁንም «በሚስቱ ስም ሥር የሚኖረው» እያሉ ያሾፉበታል። እሱ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ ይመልስላቸዋል።

«አዎ፣ ጥሩ ጣራ ነው፣ አያፈስም።»