ወረፋ የያዘ ድንጋይ

በመጀመሪያ ይህን እወቁልኝ፣ እኔ ሰርቨር ጠባቂ ነኝ፣ እንጀራዬ ኮምፒውተሩ ያበደበትን ምክንያት ፈልጎ ማግኘት ነው፣ ምክንያት የሌለው ነገር ደግሞ ገጥሞኝ አያውቅም ነበር፣ ሰዎች ሐይቁ ዳር ድምፅ ሰማን፣ ጥላ አየን ሲሉ «እስቲ ጥላውን ፎቶ አንሱና ላኩልኝ» እያልሁ የምቀልድ ሰው ነኝ፣ እናቴም «አንቺ ልጅ አፍሽን ሰብስቢ» ብላ አማትባ ትተወኛለች። አሁን የማወራችሁን ግን በገዛ ዓይኔ ነው ያየሁት፣ ያውም በቀን፣ ያውም ሥራ ላይ ሆኜ፣ እመኑኝ።

የምሠራው ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ የጤና ኮሌጅ ነው፣ ቢሮዬ የግቢው መጨረሻ ላይ ነው፣ የፊት በሩ ወደ ግቢው፣ የኋላ በሩ ደግሞ በረንዳውን አልፎ በቀጥታ ወደ ጣና ይወጣል፣ በዚያ በኩል ታንኳ የሚሠራበት ደንገል አለ እንጂ ሰው የሚባል አይመጣም። ያ ቀን የምዝገባው መዝጊያ ነበር፣ ልጆቹ ካሉበት ሆነው በስልክ ነው የሚመዘገቡት፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ገጹ ይዘጋል፣ ቀድሞ የተመዘገበ ቦታ ይይዛል፣ የዘገየ ይቀራል፣ በቃ።

እኔ ደግሞ የራሴ ጭንቅ ነበረብኝ። ሰብለ፣ የወንድሜ ልጅ፣ ወንድሜ ካረፈ ወዲህ እንደ ወለድኋት የማያት፣ ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ባለችው መሸንቲ ሆና ለነርስነት ልትመዘገብ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች፣ ዓምና በዚሁ ቀን ኔትወርክ ጠፍቶባት ቀርታለች፣ ኮሌጃችን ደግሞ ያለፈ ውጤት የሚቀበለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ካልገባች ያ ሁሉ ጥናት ውኃ በላው ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም፣ እኔንም አልወሰደኝ።

ከምሳ በኋላ ገጹ ወደቀ። ወደቀ ስላችሁ ድርግም አለ፣ ሬጅስትራሩ ጋሽ ይርዳው በሩን በርግደው ገቡ፣ በሁለት እጃቸው ሁለት ስልክ፣ ሁለቱም ይጮኻሉ።

«አንቺ መሠረት፣ አገር ምድሩ እኮ እየጮኸ ነው! ምን አደረግሽው?»

«እኔ ምን አደርገዋለሁ ጋሽዬ፣ ሰው በዝቶበት ነው፣ እርስዎ ብቻ ትንሽ ይታገሡኝ!»

«ትዕግሥቱስ እኔ አለኝ፣ ሰዓቱን ነው የምትለምኚው» አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው።

አስነሣሁት፣ ተነሣ፣ እሰይ ሳልል መልሶ ወደቀ። ደግሜ አስነሣሁት፣ ደግሞ ወደቀ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏችኋል ይኼ ነው። ከዚያ እጄን ሰብስቤ መመርመር ጀመርሁ፣ ነገሩ ለካ እንዲህ ነው፣ ገጹ ሲዘገይባት አንዷ ተመዝጋቢ ደግማ ትነካዋለች፣ ደግማ በነካች ቁጥር ለሰርቨሩ ሌላ አዲስ ሰው መጣ ማለት ነው፣ ከዚያ የወንድሟን ስልክ ትቀበልና በእሱም ትሞክራለች፣ እንግዲህ ስንት ሺሕ ልጅ እንዲህ ሲያደርግ አስቡት! በዚያ ላይ አንድ ሰው በተመዘገበ ቁጥር ፕሮግራሙ «ይኼ ሰው ቀድሞ ተመዝግቧል ወይ» ብሎ የሁሉንም ስም ከላይ እስከ ታች ይፈልግ ነበር፣ እሱን ቶሎ እንዲያገኝ አድርጌ አስተካከልሁት፣ ተነፈሰ፣ ግን በሩ ላይ ያለው ግፊያ አሁንም መግቢያ መውጫ አሳጥቶታል።

ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ ብልጭ ያለልኝ፣ በማርያም ከወንበሬ ብድግ አልሁ! እኔ መሸንቲ ነው ያደግሁት፣ ቦኖ ውኃ ስንቀዳ ማንም ቆሞ አይጋፋም፣ ድንጋዩን በሰልፉ ላይ ያስቀምጥና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፣ ድንጋዩ እሱን ሆኖ ይጠብቅለታል፣ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ባለቤቱ ባይኖርም ከኋላ ያለው ሰው ድንጋዩን በእግሩ ወደ ፊት ይገፋለታል፣ የሰው ድንጋይ ከሰልፍ ያወጣ ሰው እዚያ ሰፈር ውኃ አይቀዳም። ታዲያ ለእነዚህ ልጆችስ ለምን ድንጋይ አልሰጣቸውም አልሁ። የመጣ ሁሉ ተራ ይያዝ፣ ገጹን ዘግቶ ቢመለስ እንኳ ተራው ይጠብቀው፣ ሰርቨሩ የሚችለውን ያህል ሰው ብቻ በየተራ ይግባ፣ ተራው ደርሶ ያልገባ ወደ ኋላ ይመለስ።

ቶሎ ቶሎ ጻፍሁት፣ የተራውን ምልክት በፕሮግራሙ ውስጥ «ድንጋይ» ብዬ ሰየምሁት፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እያልሁ እየፈራሁ ለቀቅሁት፣ ሠራ! ወይ ደስታ! ሰርቨሩ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ልጆቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፣ ይመዘገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ጋሽ ይርዳው «እደጊ! ተመንደጊ!» ብለው ትከሻዬን መቱኝና በር ላይ የተሰበሰቡትን ወላጆች ሊያረጋጉ ወጡ።

ብቻዬን ቀረሁ። እና ያን ጊዜ ከኋላ በር በኩል ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጭ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቀጭ፣ ድንጋይ ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት እንደሚለው። ሐይቁ ላይ ደመና ከብዷል፣ ነፋስ ነው አልሁ። ግን ልብ ስለው ስክሪኑ ላይ አንድ ሰው ከሰልፉ በወጣ ቁጥር ያ ድምፅ ይሰማል፣ ሰው ይወጣል፣ ቀጭ፣ ሰው ይወጣል፣ ቀጭ። ሳቄ መጣ፣ ደክሞኛል ብዬ ነው እኮ የሣቅሁት፣ ተነሥቼ በሩን ከፈትሁት።

ኧረ በስመ አብ! ከውኃው ጠርዝ ጀምሮ፣ በደንገሉ መሐል አልፎ፣ እስከ በሩ ደፍ ድረስ ድንጋይ ተሰልፏል። እርጥብ የሐይቅ ድንጋይ፣ ትልቁም ትንሹም፣ አንዱ ካንዱ ኋላ። ሰው የለም፣ ጭቃው ላይ የእግር ኮቴ የለም። በሩን ዘጋሁት፣ ምን ላድርግ፣ የሰብለ ሰዓት እየሄደ ነው፣ ሥራዬ ላይ ተቀመጥሁ፣ አየሁ ብዬ ለማን እናገራለሁ!

ስልኬ ጮኸ። «አክስቴ፣ ከፊትሽ ብዙ ሰው አለ ይለኛል፣ ደግሜ ልንካው?»

«እንዳትነኪው! ድንጋይሽ ተቀምጧል፣ ዝም ብለሽ ጠብቂ!»

በጓሮ ገብቼ ስሟን መጻፍ ይቻለኝ ነበር፣ አልዋሽም፣ እጄን በልቶኛል፣ ግን እዚያ ሰልፍ ላይ የስንት ሰው ልጅ አለ። ሰልፉ ይቀንሳል፣ የነርስነቱ ቦታም አብሮ ይቀንሳል፣ ዓይኔ አንዴ ሰልፉ ላይ፣ አንዴ ቦታው ላይ፣ አንዴ ሰዓቱ ላይ ነው፣ ከኋላዬ ደግሞ ቀጭ፣ ቀጭ። ሰብለ ተቃረበች፣ ተቃረበች፣ በመጨረሻ ከፊቷ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፣ የቀረው ቦታም አንድ ብቻ ሆነ።

ያ ሰው ግን አይገባም። ተራው ደርሷል፣ አይገባም፣ ወደ ኋላም አይመለስም፣ ይመለስ ብዬ የጻፍሁት ትእዛዝ አይነካውም፣ ሰልፉ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ያ ድምፅም ቆመ። ከየት ነው የሚጠብቀው ብዬ አድራሻውን አየሁ፣ ከእኛው ግቢ ነው፣ ከዚሁ ቢሮ መስመር፣ ቢሮው ውስጥ ደግሞ ከእኔ ኮምፒውተር በቀር የበራ የለም፣ ስልኬም በራሱ ዳታ ነው የሚሠራው። የኔትወርኩን ገመድ ከኮምፒውተሬ ነቀልሁና ሰልፉን በስልኬ አየሁት፣ አሁንም አለ።

«አክስቴ፣ አንድ ሰው ነው የቀረኝ፣ ምነው ቆመ? ሊዘጋ እኮ ነው!» ሰብለ ታለቅሳለች።

ገመዱን መልሼ ሰካሁና የሚሰርዘውን ትእዛዝ ጻፍሁ። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የቀረኝ፣ እሱን ስሰርዘው እሷ ትገባለች፣ ያለቀ ነገር ነው። ጣቴን ላወርድ ስል ከደፉ ላይ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ የድንጋይ ድምፅ ሰማሁ፣ ጣቴ አየር ላይ ቀረ። ተነሥቼ በሩን ከፈትሁት። ያ ሁሉ ሰልፍ የለም፣ አንድ ድንጋይ ብቻ ደፉ ላይ ተቀምጧል፣ እንቁላል የሚያህል፣ ውኃው ያልደረቀ።

የሰው ድንጋይ እንዴት አወጣለሁ? እናንተስ ብትሆኑ ታወጡት ነበር? አለቀስሁ፣ እውነቴን ነው፣ «ሰብለዬ ይቅር በይኝ» አልሁና የጻፍሁትን አጥፍቼ ያንን ሰው በእጄ ወደ ፊት ገፋሁት፣ የመጨረሻው ቦታ የሱ ነው፣ ቀድሞ መጥቷል። ስክሪኑ «ገብቷል» አለ። ቦታው ዜሮ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ አንድ እንዳለ ቆየ፣ እንዴ! ገባ እንጂ ምንም አልያዘም፣ ወጣ የሚልም የለም፣ ዘወር ስል ደፉ ላይ ድንጋዩ የለም፣ እርጥቡ ክብ ምልክት ብቻ ቀርቷል፣ በሩም እንደ ከፈትሁት ወለል ብሎ ክፍት ነው።

ወዲያው የሰብለ ስም ብልጭ አለ፣ ቦታው ዜሮ ሆነ፣ ገጹም በሰዓቱ ተዘጋ።

ስልኬን ሳነሣ ጩኸቷ ጆሮዬን ሊበጥሰው ነበር። «ገባሁ! አክስቴ ገባሁ! ተመዝግበሻል አለኝ!» እኔም እሰይ እሰይ እያልሁ እንደ ሕፃን እዘላለሁ፣ ስቄም አልቅሼም አልወጣልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ስል፣ እሷም ስትል፣ ቆየንና ድንገት ሣቅ አለች።

«አክስቴ፣ ይቺ አጠገብሽ ሆና እልል የምትልልኝ ማን ናት?»

ዞር አልሁ። ጋሽ ይርዳው ግቢው በር ላይ ናቸው፣ ቢሮው ባዶ ነው፣ ሐይቁም ጸጥ ብሏል፣ እኔ አንድም ድምፅ አልሰማም።

«ምን አልሽ? አሁንም ትሰሚያታለሽ?»

«እንዴ፣ አታቋርጥም እኮ! በናትሽ አመስግኝልኝ።»

ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ለባዶው ክፍል፣ «ሰብለ አመሰግናለሁ ትላለች» አልሁ።

«እሺ» አለች ሰብለ በስልኩ ውስጥ፣ «አሁን ዝም አለች።»